ስንፍናው የራሱ አልነበረም

ክፍላችን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። የሒሳብ መምህራችን ጥያቄውን በጠመኔ ጽፎ ሳይጨርስ መልሱን ከኋላ ወንበር የሚወረውር ዓይነት ልጅ። መምህሩ ዞር ብሎ «አቦ ቆይ እስቲ፣ ልጨርሰው!» ይለው ነበር። (ድሬ ነው፤ መምህርም «አቦ» ይላል።) የቤት ሥራ የምንገለብጠው ከእሱ ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። እሱም «ጻፊው፣ ስሜን ግን ተይው» ብሎኛል።

11ኛ ክፍል ስንደርስ ልጁ ተለወጠ። መጀመሪያ መልሱ ዘገየ። ቀጥሎ ጥያቄ እንዲደገምለት መጠየቅ ጀመረ። ከዚያ ደግሞ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ የክፍሉን ቆርቆሮ ሲያንጣጣው፣ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ መተኛት አመጣ። ደብተር ይረሳል፣ ቀጠሮ ይረሳል። አንድ ቀን የራሱን ክፍል አልፎ ጎረቤት ክፍል ገብቶ ቁጭ ብሎ ተገኘ። ያን ቀን እንዴት እንደሳቅን! አንዷ ብድግ ብላ «ኔትወርክ የለም» አለችው። ስሙ ያው ሆኖ ቀረ፦ «ኔትወርክ የለም»።

ያቺ አንዷ እኔ ነኝ።

በዚያን ሰሞን ሁሉም የየራሱ ምክንያት ነበረው። መምህራን «በርጫ ጀምሯል» አሉ። (እዚህ ከተማ አንድ ወጣት ከደበተው ጥፋተኛው ጫት ነው፤ ምርመራ አያስፈልግም።) ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» አለ። እናቱ አንዱን ሳምንት ጸበል፣ አንዱን ሳምንት ሼህ ዘንድ ወሰዱት። እኛ ጓደኞቹ ደግሞ «ፍቅር ይዞት ነው» አልን። አንድም ሰው «ይህ ልጅ ደሙና ሽንቱ ይታይ» አላለም።

የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ወደቀ። ከዓመት በኋላ ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል ሲገባ ነው ነገሩ የታወቀው። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ሊያቆሙ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ሐኪሙ «ይሄ የዛሬ በሽታ አይደለም፣ ዓመታት ቆይቷል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ፎቶው ባነር ላይ ወጣ። ባጃጅ ላይ ድምፅ ማጉያ ታስሮ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ተዞረ። ካርቶን ይዘን በየካፌው ገባን። ድሬ ለመስጠት ሰስታ አታውቅም፤ ሰጠች። ለኩላሊቱ ሁላችንም አለቀስን። ያን ሁሉ ጊዜ ስለሰደብነው ጭንቅላቱ ግን ማንም ተመልሶ ይቅርታ አልጠየቀም።

ባለፈው ከዚራ፣ ዛፎቹ ሥር ሻይ ይዘን ስናወራ እንዲህ አለኝ፦ «በሽታው ከላይ ነው፤ ስንፍናው ግን የራሴ ነው። ማትሪክ የወደቅሁት እኮ ሳልታመም ነው።» እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች አንዲት ንግግሩ መልስ ነው።

ሽንት ቤት ብቻ የመሰለን ኩላሊት

ብዙዎቻችን ኩላሊት ሲባል የሚመጣልን ሽንት ነው። ሥራው ግን ከዚያ ይሰፋል። የአንድ ጤነኛ ሰው ኩላሊቶች በቀን 180 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። አብዛኛውን መልሰው ለሰውነት ይሰጡና 1 ወይም 2 ሊትር ያህሉን ብቻ በሽንት ይሸኙታል። የደምን ጨውና አሲድ ይመጥናሉ። የደም ግፊትን ይቆጣጠራሉ። ኤሪትሮፖየቲን የሚባል ሆርሞን አመንጭተው መቅኔ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲሠራ ያዛሉ።

እንግዲህ እነዚህ ሥራዎች ቀስ በቀስ ሲስተጓጎሉ አንጎል ላይ የሚደርሰውን አስቡት። መውጣት የነበረበት ቆሻሻ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ያ ደም ደግሞ አንጎልንም ያዳርሳል። ሆርሞኑ ሲያንስ ደም ማነስ ይመጣል፤ አንጎል የለመደውን ያህል ኦክስጅን አያገኝም። ግፊቱ ሲጨምር ጥቃቅኖቹ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ሌሊት እግር ያሳክካል፣ ይቁነጠነጣል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ጠዋት ክፍል የሚገባው ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ሰው ይመስላል።

ሌላም ዝምድና አላቸው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት፣ 15 በመቶ ያህሉ ወደ አንጎል ይሄዳል። ሁለቱም መጠናቸው ከሚፈስላቸው ደም ጋር ሲወዳደር ትንሽ ነው። ሁለቱም ያን ሁሉ ደም የሚቀበሉት ለግፊት በተጋለጡ ስስ የደም ሥሮች ነው። ስለዚህ አንዱን የሚጎዳ ነገር ሌላውንም ሳይነካ አይቀርም። ኩላሊትና አንጎል ጎረቤት ባይሆኑም ዘመዳሞች ናቸው።

ወጣት ላይ ነገሩ የሚከብደው አንጎሉ ገና ግንባታ ላይ ስለሆነ ነው። ለማቀድ፣ ራስን ለመግዛት፣ አንድ ነገር ላይ ለማተኮር የምንጠቀምበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ እየበሰለ ይቀጥላል። በሽታው የሚመጣው ቤቱ ጣሪያ ሳይለብስ ነው ማለት ነው። ሆስፒታል በመመላለስ የሚያመልጠው ትምህርት ሲታከልበት ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል።

10 ነጥብ

ይህ የእኔ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበር በሚያሳትመው የሕክምና መጽሔት ላይ ቀደም ሲል የተሠሩ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች አይኪው የሚባለው የአእምሮ መለኪያ ውጤታቸው ከጠቅላላው ሕዝብ አማካይ በ10 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ዲያሊሲስ ላይ ባሉት ልዩነቱ ይሰፋል። የተነኩት ትኩረት፣ ትውስታ እና ነገርን አቅዶ የመፈጸም ችሎታ ናቸው። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ሌላ ጥናትም አለ። እሱም ሕመማቸው ያልከፋ ልጆች አብዛኞቹ ከጤነኛው ክልል እንደማይወጡ፣ ከመካከላቸው ግን ትኩረትና እቅድ ላይ የሚቸገሩ ጥቂት የማይባሉ እንዳሉ አሳይቷል።

«ከጤነኛው ክልል አይወጡም» የሚለውን ደግማችሁ አንብቡት። የአይኪው አማካይ 100 ነው፤ አብዛኛው ሰው ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ ይገኛል። እንበልና አንድ ልጅ 115 ነበር፤ በሕመሙ ምክንያት 105 ሆነ። 105 ከአማካይ በላይ ነው! ማንም «ይህ ልጅ ታሟል» አይልም። ክፍሉ የሚያየው ትናንት ፈጣን የነበረ ልጅ ዛሬ መዘግየቱን ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ በቋንቋችን የተዘጋጁ ቃላት ሞልተዋል፦ ሰነፈ፣ ባለገ፣ ጫት ጀመረ፣ ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ጎበዝ ልጅ ከታመመ ሕመሙ የሚሸፈነው በራሱ ጉብዝና ነው።

ስለዚህ ጓደኛዬ «ሳልታመም ነው የወደቅሁት» ሲል ተሳስቷል። የሚታየው በሽታ ያን ጊዜ አልመጣም ነበር እንጂ በሽታውስ ነበረ። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ዋና ተንኮሉ ይሄ ነው፤ ብዙው የኩላሊት አቅም እስኪያልቅ ድረስ ሳያሳምም፣ ሳያስጮህ መቆየት ይችላል። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው ሕመሙን የሚያውቀው ማሽን የሚያስፈልግበት ደረጃ ሲደርስ ነው። ሀብታም አገር ውስጥ በብዛት የአዛውንት በሽታ ሲሆን በአፍሪካ ግን ሠርቶ የሚበላውን፣ ተማሪውን፣ ገና ያገባውን ወጣት ይይዛል።

ማሽኑ፣ ውኃው እና ፈተናው

ዲያሊሲስ ሕይወት ያቆያል። መደበኛው በሳምንት 3 ጊዜ፣ በየጊዜው 4 ሰዓት ነው። እኛ አገር በገንዘብ እጦት በሳምንት 2 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች የሚያደርጉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ማለት በሁለቱ ቀናት መካከል ቆሻሻው እንደገና ይከማቻል፤ ጭንቅላትም አብሮ ይከብዳል።

ዲያሊሲስ ላይ ያለ ሰው አእምሮ እንደ ቀኑ ይለዋወጣል። ታማሚዎችን በተለያየ ሰዓት የፈተኑ ተመራማሪዎች ውጤቱ በጣም የሚያሽቆለቁለው ማሽኑ ላይ ባሉበት ሰዓት መሆኑን አይተዋል። በማግስቱ ይሻላቸዋል። ከማሽን የተነሳ ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲደክመው፣ ቃል ሲጠፋው ብታዩት እንግዳ ነገር አይደለም። ታዲያ እንዲህ ያለውን ተማሪ ከማሽን በወረደበት ቀን ለፈተና ማስቀመጥ በአንድ እግሩ ሩጥ እንደማለት ነው።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ስርቆትን ለመከላከል ነው፣ እኔም አልቃወምም። ግን ያኔ ሁላችንም ስንከራከር የነበረው ስለ ስልክና ስለ ኩረጃ ነው። «ማክሰኞና ዓርብ ማሽን ያለበት ልጅስ?» ብሎ የጠየቀ በእኔ ጆሮ አልገባም። እኔም አልጠየቅሁም።

የውኃውን ነገር ደግሞ የድሬ ሰው በቀላሉ ይገባዋል። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያየ ውኃችን ምን ያህል ካልሲየም እንደሚሸከም ያውቃል። አንድ የ4 ሰዓት ዲያሊሲስ 120 ሊትር ያህል ውኃ ይወስዳል። ያ ውኃ ከታማሚው ደም የሚለየው በአንዲት ስስ ሽፋን ነው፤ እንደምንጠጣው ውኃ በሆድ ዕቃ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውኃ ማሽን ላይ ያሉ ታማሚዎችን እንደሚያስታውክ፣ ግፊት እንደሚጨምር፣ እንደሚያዝል ታወቀ። በ1970ዎቹ ደግሞ አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ የዲያሊሲስ ታማሚዎች ምላሳቸው ይተሳሰር፣ ይጥላቸው፣ አእምሯቸው ይጠፋ ጀመር፤ ሞቱም። በ1976 የዴንቨር ተመራማሪዎች በእነዚህ ሰዎች አንጎል ውስጥ የአሉሚኒየም ክምችት ማግኘታቸውን አሳተሙ። ከዋነኞቹ ምንጮቹ አንዱ ለእጥበት የሚውለው ውኃ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ውኃው በጥንቃቄ ስለሚጣራ ይህ በሽታ ብርቅ ሆኗል።

ይህን ስትሰሙ የቧንቧ ውኃ መጠጣት እንዳታቆሙ! ለሚጠጣው ሰው በድሬ ሙቀት የሚያሰጋው አለመጠጣት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ለሆስፒታል የዲያሊሲስ ማሽን ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ እንነሳለን። ቀጣዩ ጥያቄያችን «የውኃ ማጣሪያውስ? ማን ይፈትሸዋል? በስንት ጊዜው?» የሚል ይሁን። ያ ማጣሪያ የሚጠብቀው ደምን ብቻ አይደለም፣ አንጎልንም ነው።

«ሰው ሊሞት ነው፣ አንቺ ስለ ማትሪክ ታወሪያለሽ?»

ይህን ያለኝ የቅርብ ወዳጄ ነው። እውነት አለው። ለማሽን የሚከፈል ገንዘብ የጠፋበት ቤት ገብቶ ስለ ትኩረትና ትውስታ ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

ግን ቅንጦት አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በአገራችን የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተካሄደ። ትልቅ ቀን ነበር። ከተሳካ ንቅለ ተከላ በኋላ ትኩረትና የማሰብ ፍጥነት እንደሚሻሻልም ጥናቶች አሳይተዋል፤ ጭንቅላት ተስፋ አለው ማለት ነው። ነገር ግን አዲሱ ኩላሊት እንዲቆይ ሰውነት እንዳይቃወመው የሚያደርግ መድኃኒት በየቀኑ፣ በሰዓቱ፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ መዋጥ አለበት። በሌላው ዓለም የተተከለ ኩላሊት በብዛት ከሚበላሽባቸው ዕድሜዎች አንዱ የአሥራዎቹ ማብቂያና የ20ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ መድኃኒት መዝለል ነው። ታዲያ የሚረሳን ወጣት «ለምን ረሳህ?» ብሎ ከመቆጣት በስልኩ ማስታወሻ መሙላት፣ እህቱን ማሳሰብ አይሻልም? እናት ኩላሊቷን ሰጥታ፣ ከተማ ካርቶን ይዞ ለምኖ ያገኘው ሕይወት በመርሳት ሊጠፋ ይችላል። ስለ ጭንቅላት ማውራት ስለ ሕይወት ማውራት ነው።

ሌላው የምሰማው ስጋት «እንዲህ ካልን ቀጣሪው ሁሉ የኩላሊት ታማሚ ማሰብ አይችልም ይላቸዋል» የሚል ነው። ይህኛው እኔንም ያስጨንቀኛል። ስለዚህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ልናገር፦ አብዛኞቹ ማሰብም፣ መማርም፣ መሥራትም ይችላሉ፤ ጊዜና ቀን ይመቻችላቸው እንጂ። ዝም ማለትም ስም ከመለጠፍ አያድንም። እኛ ክፍል ማንም ስለ ኩላሊት አላወራም፤ ልጁ ግን ስም ወጥቶለት ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መምህራን ሆይ፣ ጎበዝ ልጅ በድንገት ሲወርድ በርጫውን ከመጠየቃችሁ በፊት ጤናውን ጠይቁ። ፊቱ ጠዋት ያብጣል? ሽንቱ አረፋ ይበዛዋል? ሌሊት ደጋግሞ ይነሳል? ሁሌ ይደክመዋል? ሕመሙ ለታወቀ ተማሪ ደግሞ ተጨማሪ የፈተና ሰዓት፣ ከማሽን ቀን ውጭ የሆነ ፈተና፣ የቀረበትን የሚያገኝበት ደብተር ስጡት። ይህ በጀት አይጠይቅም፣ አንድ ደብዳቤና አንድ ቅን ልብ ይበቃዋል።

ሐኪሞቻችን ሰልፉ እንደሚያጨናንቃችሁ አውቃለሁ። ግን ከክሪያቲኒኑ ቁጥር ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ ጨምሩ፦ «ትምህርት እንዴት ነው? ትረሳለህ?» ደም ማነሱ ሲታከም፣ ግፊቱ ሲስተካከል ለአንጎልም ይተርፋል። ለታማሚው ደግሞ «ይህ የበሽታው ነው፣ የአንተ ጥፋት አይደለም» የሚለው ቃል ራሱ መድኃኒት ነው።

እኛስ? የደም ግፊት መለካትና ቀላል የሽንት ምርመራ ብዙ ነገር ያሳያሉ። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ቤተሰብ ያለን ሰዎች «ገና ወጣት ነኝ» አንበል። ከበርጫ ማግስት ራስ ምታት በተነሳ ቁጥር ከፋርማሲ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እየገዛን መዋጥ፣ ያውም ውኃ ሳንጠጣ በዚህ ሙቀት፣ ኩላሊትን ይጎዳል። ኤልሳልቫዶርና ኒካራጓ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ሸንኮራ የሚቆርጡ ወጣቶች ስኳርም ግፊትም ሳይኖርባቸው ኩላሊታቸው እየከዳቸው በብዛት ሞተዋል። ምክንያቱ ገና ሙሉ በሙሉ ባይቋጭም ሙቀትና የውኃ ጥም ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ናቸው። የባጃጅ ሹፌሮቻችንና ተሸካሚዎቻችን ከዚያ ፀሐይ ብዙም አይርቁም። የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና የመጀመሪያውን ውሳኔ ያሳለፈው በግንቦት 2017 ዓ.ም. ነው። ዓለሙም የዘገየ ነገር ነው፤ እኛ ግን ዓለምን መጠበቅ የለብንም።

ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ለጓደኛዬ አነበብኩለት። ያው ቦታ፣ ከዚራ፣ ከማሽን በማግስቱ። ስለ «ኔትወርክ የለም»ም ይቅርታ ጠየቅኩት።

«አቦ ተይው፣ የድሮ ነው» አለኝ።

ሻዩን አማሰለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እስቲ ያቺን የ10 ነጥቧን ነገር ድገሚልኝ» አለ።

ደገምኩለት። ሁለቴ።

ቸር እንሰንብት።